ልጆችን በኢንተርኔት መንገድ ላይ ስለ መጠበቅ

አዘዞ ከጎንደር መኻል ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመንገድ መገናኛ ናት። አንደኛው መንገድ ጣናን በስተቀኝ ትቶ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ምዕራብ ታጥፎ በአይከል በኩል ወደ መተማ ይወርዳል። በቀድሞ ዘመን ወደ መተማ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ጓደኛውን መርጦ፥ ስንቁን ቋጥሮ፥ በመንገድ የሚገናኘውንም ሰው አገሩንና ዘመዱን ጠይቆ ይጓዝ ነበር። ልጁን ከማያውቀው መንገደኛ ጋራ የሚሰድ አስተዋይ ወላጅ አልነበረም።

ዛሬ ግን ሌላ መንገድ በየቤቱ ገብቷል። ይህ መንገድ አቧራ የለውም፤ ኮቴም አይሰማበትም። ልጅ ከምድጃው ዳር ሳይነሣ፥ በእጁ በያዘው ስልክ ከማያውቀው ሰው ጋራ ሩቅ ሊደርስ ይችላል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ልጅዋ ከማን ጋራ እንደ ሆነ አታውቅም። ስለዚህ የዚህን መንገድ ጠባይ ማወቅና ልጆችን በርሱ ላይ መጠበቅ የወላጅም የአስተማሪም ተግባር ሆኗል።

፩. ኢንተርኔት ምን እንደ ሆነ

ኢንተርኔት ማለት በዓለም ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በሽቦ፥ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድና በአየር ሞገድ ተያይዘው ጽሕፈትን፥ ድምፅንና ሥዕልን የሚለዋወጡበት መረብ ነው። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ ኢንተርኔት ሥራውን የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የእጅ ስልክም በ1991 ዓ.ም. ተከተለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የገንዘብ መላኪያ ስለ ጀመረ፥ የእጅ ስልክ መነጋገሪያም ደብዳቤ ቤትም የገንዘብ ከረጢትም ሆነ።

ጥቅሙ ብዙ ነው። መጽሐፍ ያጣ ተማሪ መጽሐፍ ያገኝበታል፤ አስተማሪም ያልገባውን ይጠይቅበታል። በ2016 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር በኢንተርኔት ተሰጥቷል። እንግዲህ ልጅን ከኢንተርኔት ፈጽሞ መከልከል፥ ወንዝ ሰው ይወስዳል ብሎ ልጅን ውሃ እንደ መከልከል ይሆናል። የሚበጀው መልካውን ማሳየት ነው።

፪. እያሳሳቀ ስለሚወስድ ውሃ

በኢንተርኔት ልጆችን የሚያጠምድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ክፉ ቃል አይናገርም። አበው «አፉ ቅቤ፥ ልቡ ጩቤ» ያሉት እንደዚህ ያለውን ሰው ነው። አካሄዱ እንዲታወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ወላጆቿ በገጠር ሳሉ እርሷ በአዘዞ ቤት ተከራይታ ትማራለች እንበል። ቅዳሜ ወደ ቤቷ ሄዳ እሑድ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ከዕለታት አንድ ቀን ማታ አንድ የማታውቀው ሰው በቴሌግራም ሰላምታ ላከላት። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው መልከ መልካም ተማሪ ነው፤ «እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ» ይላል። ለብዙ ቀን ስለ ትምህርቷ ብቻ ይጠይቃታል። ቀጥሎ የስልክ ካርድ ይልክላታል። ቀጥሎም «የምንነጋገረውን ለማንም አትንገሪ፤ ሰው ምቀኛ ነው» ይላታል። ከዚያም ፎቶግራፍ ይለምናታል። በመጨረሻ ገላዋን የሚያሳይ ሥዕል ከእጁ ከገባ በኋላ ቃሉ በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ «ገንዘብ ካልላክሽ፥ ወይም እኔ ወዳልሁሽ ቦታ ካልመጣሽ፥ ለአባትሽና ለመምህሮችሽ እልከዋለሁ» ይላታል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ አራት ምልክቶች አሉ። አንደኛው ምክንያት የሌለው ስጦታ ነው። ሁለተኛው ከወላጅ የሚደበቅ ምሥጢር ነው። ሦስተኛው የፎቶግራፍ ልመና ነው። አራተኛው ማስፈራራት ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚከፋው ሁለተኛው ነው፤ ስጦታውም ልመናውም ማስፈራራቱም የሚሠሩት ልጅቱ ዝም እስካለች ድረስ ብቻ ነውና። ቀን በአደባባይ ሊነገር የሚችል ወዳጅነት ምሥጢር አይሻም።

ይህ በሴቶች ልጆች ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በወንዶች ልጆች ላይ ሴት መስሎ በመቅረብ ሥዕል ተቀብሎ ገንዘብ የሚያስከፍል ቀማኛ በዓለም ሁሉ በዝቷል። ከዚህም በላይ፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው አዲስ ጥበብ፥ ልብስ ለብሶ የተነሣውን ሰው ራቁቱን የተነሣ አስመስሎ መሥራት ተችሏል። ስለዚህ ምንም ያልበደለ ልጅ ሊያፍርበት የሚችል ሥዕል በስሙ ሊወጣበት ይችላል። ወላጅ ሥዕል አየሁ ብሎ ወዲያው በልጁ ላይ መፍረድ አይገባውም።

ነገሩ በሩቅ አገር ብቻ የሚሰማ ወሬ እንዳይመስል፥ ዩኒሴፍ፥ ኢንተርፖልና ኤክፓት በኅብረት በኢትዮጵያ ያደረጉት ጥናት ይመሰክራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የወጣው ይህ ጥናት፥ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ከመቶ 10 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት አማካይነት የወሲብ በደል እንደ ደረሰባቸው ገልጧል። የደረሰባቸውን ለፖሊስ የሚያመለክቱት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በዳዩም ሁልጊዜ ሩቅ ያለ ሰው አይደለም፤ ልጁን በአካል የሚያውቅ ጎረቤት ወይም ዘመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

፫. ስለ ደላላ ተስፋ

ሁለተኛው ወጥመድ የደላላ ቃል ነው። ቀድሞ ደላላ በቡና ቤትና በመኪና መናኸሪያ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ በፌስቡክ፥ በቲክቶክና በቴሌግራም ይገኛል። የሚያሳየውም ያማረ ቤት፥ የሚያብረቀርቅ መኪናና የገንዘብ ክምር ነው። «ቪዛ አያስፈልግም፤ መንገዱን እኛ እናውቃለን፤ ክፍያው ከደረስህ በኋላ ነው» ይላል።

በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ወጣት ይህን ቃል ቶሎ ይሰማል። ነገር ግን ከአዘዞ ተነሥቶ በመተማ የሚወጣው ሰው የሚገባው ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ወደ ተነሣባት ወደ ሱዳን ነው። ከዚያ አልፎ ሊቢያ ቢደርስ፥ ሰው ነጋዴዎች ስደተኞችን አስረው እያሠቃዩ፥ ሥቃያቸውን በቪዲዮ ቀርጸው ለቤተሰብ እየላኩ ገንዘብ ይጠይቃሉ። «ክፍያው ከደረስህ በኋላ ነው» ማለት ትርጓሜው ይህ ነው። ከፋዩ ወላጅ ነው፤ መክፈያውም የእርሻ በሬ፥ የቤት ቆርቆሮና የዘመድ ብድር ነው።

ደኅና የሚመስል የሥራ ማስታወቂያም ያስታል። በ2017 ዓ.ም. በማይናማር ከሚገኙ የማጭበርበሪያ ግቢዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ የሄዱት መልካም የቢሮ ሥራ አለ ተብለው ነበር። ሰውን የሚነግድና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግር ሰው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይቀጣል። ቅጣቱ ግን የሚመጣው ሰው ከጠፋ በኋላ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ስለዚህ ነው።

፬. ወላጅ ራሱ ስለሚያወጣው ምሥጢር

የልጅን ምሥጢር የሚያወጣው ልጁ ብቻ አይደለም። ወላጅ በልጁ ደስ ብሎት የልጁን ፎቶግራፍ፥ የትምህርት ቤቱን ስም፥ የሚማርበትን ክፍልና የቤቱን በር በፌስቡክ ያወጣል። ይህን የሚያየው ዘመድ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በጎንደር ከተማና በአካባቢዋ ሰውን፥ ሕፃናትንም ጭምር፥ አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ብዙ ቤተሰብ አስለቅሷል። አጋች በፊት ጊዜ ፈጅቶ በመሰለል የሚያገኘውን ነገር፥ ማለትም የልጁን መልክ፥ ስሙን፥ መውጫና መግቢያ ሰዓቱን፥ የአባቱንም ሀብት፥ ወላጅ በገዛ እጁ ሊሰጠው አይገባም።

ስለዚህ የልጅን ሥዕል ማውጣት የሚፈልግ ወላጅ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ፥ የቤቱን አድራሻና ያለበትን ቦታ አያሳይ። የሸጠውን ከብትና የገዛውንም መኪና ከልጁ ጋራ አድርጎ አያውጣ። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥርም ለልጅ መጫወቻ አይሰጥ። በመልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንዳይነገር ልጅ አስቀድሞ ይማር፤ ያን ቁጥር የተቀበለ ሌባ የልጁን ቴሌግራም ወስዶ በልጁ ስም ከዘመዶቹ ገንዘብ ይለምናልና።

፭. ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ምን ሊያደርግ ይችላል

ብዙ ወላጅ «ስልኩን ከኔ ይልቅ ልጄ ያውቀዋል፤ እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ?» ይላል። እውነት ነው፤ ልጁ ስልኩን ያውቃል። ሰውን ግን ገና አላወቀም። ሰውን ማወቅ የወላጅ ዕውቀት ነው። አንድ እንግዳ በምሽት ደጅ ቢመታ የገጠር እናት ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው? ማን ያውቅሃል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለቴሌግራም እንግዳም ይበቃሉ።

«የማን ልጅ ነው?» ማለት ስሙና ፎቶግራፉ የራሱ መሆኑን መጠየቅ ነው፤ በኢንተርኔት ማንም በማንም መልክ ሊቀርብ ይችላልና። «አገሩ የት ነው?» ማለት በሥራው ወይም በትምህርቱ ቦታ በአካል ሊገኝ ይችላል ወይ ማለት ነው። «ማን ያውቀዋል?» ማለት እናት ወይም መምህር በአካል የሚያውቀው ሰው ነው ወይ ማለት ነው። ለሦስቱም መልስ የሌለው ሰው ፎቶግራፍ አይላክለትም፤ ገንዘቡ አይወሰድም፤ ና ወዳለበትም ቦታ አይኬድም። መልስ ያለው ሰውም ቢሆን፥ የታወቀ ሰው የሚበድልበት ጊዜ አለና፥ ምሥጢርና ፎቶግራፍ ከጠየቀ እንደ እንግዳው ይቈጠራል።

ፊደል የሚያውቅ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ደግሞ ስልኩን ያበጅ። ቴሌግራም የስልክ ቁጥርን ማንም እንዳያይ፥ እንግዳም ሰው ልጁን ወደ ቡድን እንዳያስገባው ማድረጊያ አለው። ፌስቡክና ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይገባ በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ቲክቶክም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የግል መልእክት መላላክን አይፈቅድም።

በዚህ ላይ በኢትዮጵያውያን ልጆች የሚደርስ አንድ ስሕተት አለ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደቱን ዘመን ሲጠየቅ 2005 ብሎ ቢጽፍ፥ ማሽኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚወስደው በዕድሜው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሮ እንደ ጎልማሳ ይቈጥረዋል። ያን ጊዜ ለልጆች የተሠራው ጥበቃ ሁሉ ይቀርበታል። ስለዚህ የልደት ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ተለውጦ ይጻፍ።

ማታ ስልኩ ከወላጅ ዘንድ ይደር። በኪራይ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎችም አብረው የሚኖሩ ጓደኞቻቸውን ጠባቂ ያድርጉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመለሱም ወላጅ ስለ ፈተናው ውጤት እንደሚጠይቅ ስለ አዲስ ወዳጆቻቸው ይጠይቅ።

፮. በትር አፍ እንዳይዘጋ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን በስልኩ ውስጥ የለም። ልጅ የደረሰበትን ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት ነው። ወደ ላይኛው ምሳሌ ብንመለስ፥ ያ ቀማኛ ኀይሉ ከምን እንደ ሆነ ግልጥ ነው። ጠመንጃ የለውም፤ ደጅም አልሰበረም። ያለው ኀይል ልጅቱ አባቷን መፍራቷ ነው። «ለአባትሽ እነግራለሁ» የሚለው ቃል የሚያስፈራት፥ አባቷ ቢሰማ ይገድለኛል ወይም ከትምህርት አስወጥቶ ይድረኛል ብላ ስለምታስብ ነው። አባቷ አስቀድሞ «ልጄ፥ ማንም ምንም ቢልሽ፥ አንቺም ተሳስተሽ ቢሆን፥ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፤ አልመታሽም» ቢላት ኖሮ፥ የቀማኛው መሣሪያ ከእጁ ይወድቅ ነበር።

ልጁ እውነቱን በተናገረ ቀን በትር የሚያነሣ ወላጅ፥ ወይም ስልኩን ቀምቶ የሚሰብር፥ ሁለተኛ እንዳይናገር ያስተምረዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ሆኖም በሽታውን የሚደበቀው ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ቍጣ የተነሣ ነው። ልጅ «እማየ፥ አንድ ነገር ልንገርሽ» ባለ ጊዜ እናት ሥራዋን ትታ ትቀመጥ፤ እስከ መጨረሻው ትስማ፤ መልካም አደረግህ ትበል። ተግሣጹ ካስፈለገ አደጋው ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

፯. ክፉ ነገር ከደረሰ በኋላ

ልጅ በኢንተርኔት ቢያስፈራሩት ወይም ቢበድሉት፥ የሚከተሉት ነገሮች በቅደም ተከተል ይደረጉ።

አንደኛ፥ ገንዘብ አይከፈል፤ ሌላ ሥዕልም አይላክ። ቀማኛ አንድ ጊዜ የተከፈለው እንደ ሆነ ደግሞ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፥ መልእክቱ አይደምሰስ። የጸሐፊው ስም፥ የስልክ ቁጥሩ፥ ቀኑና የማስፈራሪያው ቃል በስክሪን ሾት ይያዝ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ይታገድ። የልጁን ገላ የሚያሳየው ሥዕል ግን ለምስክርነት ተብሎ ለዘመድ፥ ለጎረቤት ወይም ለመምህር አይላክ። እንዲህ ያለውን የልጅ ሥዕል ይዞ መገኘት ራሱ በሕግ ያስቀጣል፤ ስልኩን እንዳለ ለፖሊስ ማሳየት ይገባል።

ሦስተኛ፥ ለፖሊስና በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው ላለው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይነገር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12፥ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ የወሲብ ሥዕል የሚያዘጋጅ፥ የሚያሰራጭ ወይም የሚይዝ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት፥ ልጅንም በጸያፍ መልእክት ለወሲብ የሚያግባባ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ሕጉ በዳዩን እንጂ የተበደለውን ልጅ ለመቅጣት አልወጣም።

አራተኛ፥ ሥዕሉ እንዳይሰራጭ ቴክ ኢት ዳውን የተባለውን አገልግሎት መጠቀም ይቻላል። ይህ አገልግሎት በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ጉዳይ ማእከል የሚካሄድ፥ ያለ ክፍያ ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ነው። ሥዕሉ ከልጁ ስልክ ሳይወጣ፥ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ይወጣለታል፤ ቁጥሩ ወደ ፌስቡክ፥ ቲክቶክና ሌሎችም ተባባሪ ኩባንያዎች ተልኮ፥ ሥዕሉ በነርሱ ላይ ሲገኝ እንዲነሣ ያደርጋል።

አምስተኛ፥ ልጁ ብቻውን አይተው። ኀፍረት የያዘው ልጅ በራሱ ላይ ክፉ እንዳያስብ ቤተሰቡ አብሮት ይዋል፤ ይደር። ትምህርቱም አይቋረጥ።

፰. ማጠቃለያ

አስተማሪ ይህን ትምህርት ሲያስተምር ልጆችን አስፈራርቶ አይሰድ። ፈሪ ልጅ ይደብቃል፤ የተማረ ልጅ ይጠይቃል። በየክፍሉም ልጆች በፈቀዱ ጊዜ ሊያነጋግሯቸው የሚችሉ አንዲት መምህርትና አንድ መምህር ይመረጡ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ከጉልበት ብዝበዛና ከጉዳት እንዲጠበቅ፥ በትምህርት ቤትም አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስበት መብቱን ጽፎለታል። መብቱ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው፥ ልጁ ሲናገር የሚሰማው ሰው መኖሩ ነው።

ጥያቄዎች

1. ልጅን የሚያጠምድ ሰው የሚታወቅባቸው አራት ምልክቶች ምን ምን ናቸው? ከአራቱስ የሚከፋው የትኛው ነው? ስለ ምን?

2. «ክፍያው ከደረስህ በኋላ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ምን ማለት ነው?

3. በ2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደቱን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እንዴት አድርጎ ይጽፋል? ሳይለውጥ ቢጽፍ ምን ይቀርበታል?

4. የገጠር እናት እንግዳን የምትጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች በስልክ ለሚመጣ እንግዳ እንዴት ይሠራሉ?

5. እያንዳንዱ ተማሪ፥ ክፉ ነገር ቢደርስበት መጀመሪያ የሚነግረውን አንድ ታላቅ ሰው ዛሬ መርጦ ስሙን በልቡ ይያዝ። ማታም ወደ ቤቱ ሲሄድ መምረጡን ለዚያ ሰው ይንገረው።